አንደኛ ተከሳሽ፦ ሳጂዳ ኸሚስ

መንግሥት የሚሾማቸው ዐቃብያነ ሕግ በየወረዳው ጥቂት ናቸው። ራሳቸውን የሾሙት ግን በየሰፈሩ አንድ አያጡም። ደመወዝ የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም፣ ዓመት ፈቃድም አይወጡም። ሁለት ሰው ጥግ ይዞ ሲያወራ ካዩ ሥራ ገቡ ማለት ነው። በእርስዎም ሰፈር አንድ አለ። የለም ካሉ ምናልባት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ።

የእኛ የሐይቅ ከተማው ክቡር አያ ኸሚስ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ በችሎት አስከባሪነት ቆመው፣ «ተነሡ»፣ «ተቀመጡ»፣ «ስልክ ዝጉ» ሲሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዳኛ ሲቀየር፣ ጠበቃ ሲቀየር፣ እሳቸው ከበሩ ሳይነቃነቁ ሁሉንም ሰምተዋል። ከሰሙት ሁሉ በልባቸው የቀረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አድማ። ስርቆት አይማርካቸውም። ድብድብ «የጥጋበኛ ነገር» ነው። ሁለት ሰዎች ለክፉ ነገር ተስማሙ ሲባል ግን ዓይናቸው ይበራል።

«ሁለት ሰው ከተስማማ አበቃ» ይላሉ። «ዕቃው መጥፋት የለበትም፣ ሰውየው መሞት የለበትም። ሐሳብ ለሐሳብ መገናኘቱ ይበቃል።»

እንዴት ይረጋገጣል ያላቸው ሰው የዕለት ሥራውን ረስቶ ይውላል። «አድመኛ ፈርሞ አይሰጥህም» ይላሉ ሁለት ጣታቸውን አጣብቀው። «ስለዚህ ዙሪያውን ታያለህ። የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ይባላል። ማን ከማን ጋር ተደዋወለ? ማን ሳይጠየቅ ‹እኔ አላውቅም› አለ? ከዚያ ከመካከላቸው ፈሪውን ትፈልግና ሻይ ታጠጣዋለህ። አድማ የሚፈርሰው ከውስጥ ነው።»

የሰፈራችን ፈሪ እኔ ነኝ። አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ስንት ሻይ እንደጠጣሁ አላህና የሻይ ቤቱ ባለቤት ያውቃሉ። የማውቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። እንዲያውም ምሥጢር እንደማልቋጥር ሰፈሩ ስለሚያውቅ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። አያ ኸሚስ ግን ተስፋ አይቆርጡም። ከሩቅ ሲመጡ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ፤ መንገድ መቀየሬን ደግሞ ማስረጃ አድርገው ይይዙብኛል።

አንድ የመስከረም ጠዋት ከሐይቅ ደሴ የሚመላለሱት ሚኒባሶች በሙሉ ጠፉ። አያ ኸሚስ መናኸሪያው መሀል ቆመው ክስ መሠረቱ። «አንዱ ቢቀር ጎማው ነው እንላለን። ሁሉም ከቀሩ ግን ትናንት አንድ ቦታ ተቀምጠው ተመካክረዋል።» አንድ ረዳት፣ «አያ፣ ነገ እኮ ግሸን ማርያም ናት። ተሳላሚ ሊያደርሱ ሄደው ነው» ቢላቸው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሽፋን ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?» አሉ።

የጎረቤታችን የጁማ ኒካህ ላይም ዝም አላሉም። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ የሙሽራዋ ወሊ፣ አባቷ፣ ቃል ሊሰጥ ነው። አያ ኸሚስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልብ በል» አሉኝ። «ሁለት ሰው በምሥጢር ተስማማ። ሦስተኛ አሳመኑ። ምስክር አስቀመጡ። አሁን ደግሞ ለሰፈሩ ሥጋ ያበላሉ፤ አፍ ለማስያዝ ነው።» ይህን ብለው ከሥጋው ሁለቴ አስጨመሩ።

ከሁሉ የማልረሳው የአምባሰሉን ነው። ዘመድ ጥየቃ ሄደው በማለዳ ሲወጡ አንድ ጤፍ ማሳ ውስጥ የሰው መንጋ ማጭድ ይዞ ያጭዳል። ባለቤቱ ማን ነው ቢሉ ታሞ ደሴ ተኝቷል። ያውቃል ወይ ቢሉ አያውቅም። አያ ኸሚስ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጉዳይ በዕድሜያቸው አላዩም፤ በጋራ አስበው፣ ተስማምተው፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ መሣሪያ ይዘው። አንድ በአንድ ስማቸውን ይጠይቁ ጀመር። ነገሩ ጅጌ፣ ማለትም ደቦ መሆኑን፣ ለታመመው ሰው እህሉ እንዳይረግፍበት ተማክረው መውጣታቸውን የነገራቸው አንድ ሽማግሌ ነው። «ስም ከሚይዙ ማጭድ ይያዙ» ብሎ የራሱን ሰጣቸው። ማታ እጃቸው ውሃ ቋጥሮ መጡና በአጥሩ በኩል አሳዩኝ። «ግብረ አበር ሆኜ መጣሁ» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር።

እንግዲህ በእኚህ ሰው ቤት፣ በእኚህ ሰው አፍንጫ ሥር፣ እውነተኛው አድማ ተጠነሰሰ።

አያ ኸሚስ አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሳጂዳ። ትንሽ ሳለች በአጥሩ በኩል የምሰማው ችሎት ከሬዲዮ ይጥመኝ ነበር። አባት ከሳሽ፣ ልጅ ተከላካይ። ዶሮዎቹ ጎመኑን ጨርሰውት ከሆነ አያ ኸሚስ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው፣ «አራቱም ተከሳሾች በጋራ በማሰብና በመስማማት...» ብለው ይጀምራሉ። ሳጂዳ ነጠላዋን እንደ ካባ ትለብስና፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» ትላለች በቀጭን ድምፅ። «ዶሮዎቹ አልተመካከሩም። የራባቸው በየግላቸው ነው።» አያ ኸሚስ ይረታሉ። መረታታቸው ግን ከቤት አያልፍም እንዳይባል በማግሥቱ ሻይ ቤት ገብተው፣ «ልጄ ረታችኝ» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራሉ። ሕግ ታጠናለች፣ እውነተኛ ዐቃቤ ሕግ ትሆናለች፣ ያ በር ላይ የቆሙበት ችሎት ውስጥ እሷ ትቀመጣለች። ሐሳባቸው ይህ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። እሳቸው፣ «ድገሚው» አሉ። እሷ ደገመችው። እንደገና አልመጣም። «ሦስተኛ» ሲሉ ሳጂዳ ዝም አለች። ከዚያ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ልትሠለጥን ነው ተባለ። የሠለጠነችው ግን የዐረብ ቤት ሥራ ነበር። ፓስፖርቷን ስታወጣ፣ ሻንጣ ሲገዛ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እናቷ እትዬ መስኡዳ ፊት መሪ ሆና። የማያውቀው አንድ ዐቃቤ ሕግና አንድ ምሥጢር የማይቋጥር ጎረቤት ብቻ ነበር። አንድ ማክሰኞ ለአባቷ፣ «ደሴ ደርሼ መጣሁ» ብላ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ጉልበት የሚሳመው ለደሴ መንገድ አልነበረም። ይህን ማስረጃ እንዴት እንዳለፉት እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል። በሦስተኛው ቀን ከጅዳ ደወለች።

አያ ኸሚስ ስልኩን አልተቀበሉም። ኮታቸውን ለብሰው ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እኔንም በምስክርነት ጎትተው ወሰዱኝ። የሰፈሩን ሴቶች ከነባሎቻቸው ሊከሱ ነው። እውነተኛዋ ዐቃቤ ሕግ ወይዘሪት ፈዲላ ወጣት ናት፤ ከሳጂዳ ብዙ አትበልጥም። እስኪጨርሱ በትዕግሥት ሰማቻቸው።

«አያ ኸሚስ፣ የታደመበት ወንጀል ምንድነው?» አለቻቸው።

«መሄዷ ነዋ።»

«ዕድሜዋ ደርሷል?»

«ሃያ አንድ ሞልቷታል።»

«በሕጋዊ መንገድ ነው የሄደችው?»

«ነው» አሉ አያ ኸሚስ ሳይወዱ።

«መስማማት ብቻውን አያስከስስም፣ አያ» አለች ፈዲላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የተስማሙበት ነገር ራሱ ወንጀል፣ ያውም ከባድ ወንጀል መሆን አለበት። ሰዎች ተማክረው አንድ ልጅ ሥራ ላኩ እንጂ ሌላ ምን አደረጉ? እርስዎ ከእኔ በላይ ችሎት የሰሙ ሰው ነዎት።»

 «ወንጀል ካልተሠራ» አሉ አያ ኸሚስ፣ «እኔን ያመመኝ ምንድነው?»

ፈዲላ እስከ በሩ ሸኘችን።  ወደ ቤት ተመለስን። በመንገዳችን ላይ ሁለት ባለባጃጆች ጥግ ይዘው ይንሾካሾኩ ነበር፤ አያ ኸሚስ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ሕጉ ቢያሰናብታትም እሳቸው አላሰናበቷትም። ስሟን ትተው «አንደኛ ተከሳሽ» ይሏት ጀመር። በየጁምዓው ከሶላት መልስ ሳጂዳ በኢሞ ትደውላለች። እትዬ መስኡዳ ሳሎን ተቀምጣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች። አያ ኸሚስ ደግሞ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ አይሰሙም። ሬዲዮናቸውን ያጠፉታል፣ የጎረቤት ልጅ ሲጮህ «ዝም» ይላሉ፣ አይሰሙም። ሲያበቃ ወደ ውስጥ ሳይዞሩ፣ «አንደኛ ተከሳሽ ድምፅዋ ተዘግቷል። ማርና ሎሚ አድርጋ ትጠጣ በያት» ይላሉ። «ራስዎ አይነግሯትም፣ የሳጂዳ አባት?» ስትላቸው፣ «በክርክር ላይ ካለ ተከሳሽ ጋር አልነጋገርም» ይላሉ።

ወደ ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነ። ከጎረቤት አጥር ማዶ ዶሮዎቹ ጎመኑን ይበላሉ፣ የሚከሳቸው የለም። እኔ መንገድ አልቀየርም፤ አያ ኸሚስ ሻይ አይጋብዙኝማ። ያን ሁሉ ዓመት የሸሸሁትን ሰው በየቀኑ አጠገቤ እያየሁት ናፈቀኝ። የቤቱ ጸጥታ ይከብድ ነበር፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» የምትለዋ፣ እኔንም ትናፍቀኝ ነበር።

ዘንድሮ ዐረፋ ሲቃረብ እትዬ መስኡዳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «አሠሪዋ አድሺ ይሏታል። እሷ መምጣት ነው የፈለገችው። ግን ‹አብዬ በአንደበቱ ነይ ካላለኝ ምን ፊት ይዤ እገባለሁ፣ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ› ብላለች። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ከጨመረች ይኸ ሰውዬ አይተርፍልኝም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርሽኝ? ምሥጢር እንደማልይዝ እያወቅሽ?»

«ዋይፋይ ያለው አንተ ቤት ነዋ» አለችኝ።

ዕቅዱ ወዳጃ ነበር። በእኛ አገር ወዳጃ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። እያንዳንዱ ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጉባኤው «አሚን» ይልለታል። ሐጃውን የደበቀ ሰው ዱዓው ደጅ ይቀራል ይላሉ የሰፈሩን ወዳጃ የሚመሩት ሸኽ ሙአዊያ። አያ ኸሚስ ስልክ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ወዳጃ ላይ ግን ሐጃ አልናገርም ብለው አያውቁም። ስለዚህ ወዳጃው እኔ ቤት ይደረጋል። ሳጂዳ በኢሞ ትገባለች። የእናቷ ስልክ በሻሽ ተሸፍኖ የቡናው ትሪ አጠገብ ይቀመጣል። አባቷ ሲናገሩ ትሰማለች። ሸኽ ሙአዊያም ተነግሯቸው፣ «ለኸይር ከሆነ አላህ ይማረን» ብለው ገቡበት።

ኀሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰፈሩ ቤቴን ሞላው። ጫቱ ተዘረጋ፣ ሸኹ ከፈቱ። እኔ ክርስቲያኑ ጥጌን ይዣለሁ፤ አሚን በማለት አልታማም። ሐጃው ዞረ። አንዷ ለወገቧ፣ አንዱ ለበሬው፣ አንዷ ቤሩት ላለች እህቷ፤ «አሚን፣ አሚን» እያልን አያ ኸሚስ ዘንድ ደረስን። የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አያ ኸሚስ ሐጃቸውን ትተው ዙሪያውን አዩ። ያን አስተያየት ካየሁት ወደ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

«ሸኽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሐጃ የሚጀመረው ከበር በኩል ነበር። ዛሬ ከጓዳ በኩል ጀመሩ። መጨረሻ እንድሆን ነው።»

ሸኽ ሙአዊያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መስኡዳ ስልክ ከእጇ የማትለይ ሴት ናት፤ ዛሬ እጇ ባዶ ነው። እዚያ ሻሽ ሥር ደግሞ አንድ ነገር ይበራል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያልበዋል። ዋይፋዩ የሱ ነው። እዚህ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ ከነሸኹ፣ በሙሉ ሐሳቡ ተስማምቶ ተቀምጧል።»

 እትዬ መስኡዳ ሻሹን በዓይኗ ይዛ ከንፈሯን ነክሳለች። ተነሥተው ይወጣሉ ብዬ ነበር። ቢወጡ ሳጂዳ መውጣታቸውን ትሰማለች፤ ነገሩ ያኔ አበቃለት።

አያ ኸሚስ ግን ወደ ሻሹ ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

«ሐጃዬ አንድ ናት» አሉ። «ልጅ አለችኝ። ሳትነግረኝ ሄደች። ብትነግረኝ እንደማልፈቅድ አውቃ ነው፤ እውነቷን ነው፣ አልፈቅድም ነበር። እሷ ከሄደች በዚህ ከተማ የሚረታኝ ሰው አጣሁ። ሕግ ባታጠናም፣ ምንም ባትሆንም፣ ልጄ ናት። ናፍቃኛለች። ደጄ ክፍት ነው። ትምጣልኝ። አላህ በሰላም ያግባልኝ።»

«አሚን» አልን። ቤቱ ሙሉ ነበርና ድምፁ ወፍራም ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ውስጥ፣ ከጅዳ እስከ ሐይቅ ያለውን መንገድ አቋርጦ፣ ከሁላችንም ዘግይቶ፣ ከሻሹ ሥር አንድ ቀጭን አሚን መጣ።

ሻሹን ያነሣ ሰው አልነበረም። አያ ኸሚስ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ። «ድምፅዋ ዛሬም ተዘግቷል» አሉ በመጨረሻ። እትዬ መስኡዳ፣ «ጉንፋን አይደለም» አለቻቸው። «አውቃለሁ» ብለው ለሶላት ሊተጣጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ደርቆ ነበር፣ ጢማቸው ግን ርሷል።

ሳጂዳ ኮንትራቱን አላደሰችም። ትኬቷ ተቆርጧል፤ የምትደርሰው በመጪው ሳምንት ሰኞ ነው። ይህ ለአያ ኸሚስ በግልጽ ተነግሯቸዋል፣ እሷም ራሷ ነግራቸዋለች፤ አሁን በስልክ ይነጋገራሉ፣ እንዲያውም ይከራከራሉ። ሰኞን ግን አላመኑም። «እነዚህ ሰዎች ከዚህ በፊት ቀን ዋሽተውኛል» ብለው ከባለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከዙህር ሶላት በኋላ መናኸሪያ ይሄዳሉ። ከደሴ የሚመጣ ሚኒባስ በሙሉ ሳይመረመር አያልፍም። የዘገየ ሹፌር፣ «ከማን ጋር ተማክረህ ነው?» ይባላል። ሹፌሮቹ ያጉረመርማሉ፤ ደስ እንዳላቸው ግን ያስታውቃል።

እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። የተጠራሁ እንዳይመስላችሁ፤ አልጠሩኝም።

ትናንት አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ድንገት፣ «ስትወርድ መጀመሪያ ምን ልበላት?» አሉኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ይበሏታላ።»

«እሱን ሁሉም ሰው ይላታል» አሉ።  «እስቲ አንተ ውረድ።»

«ከየት?»

«ከሚኒባሱ ነዋ። እሷ ሁን።»

ተሳፋሪ የሚጠብቅ አንድ ባዶ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። ረዳቱን አስፈቅጄ ገባሁ። የጢሜን ነገር ተዉት። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በሩን ከፍቼ፣ ሳጂዳ ሆኜ ወረድኩ። አያ ኸሚስ ከተቀመጡበት ተነሡ። ኮታቸውን አስተካከሉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱ። ያን ሁሉ ሰው በቃላት ብዛት ያሰለቹ ሰው አንድ ቃል አጡ። ቦርሳውን ከትከሻዬ አውርደው ራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉት፣ እጄንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

ረዳቱ ይስቃል። ሰዉ ቆሞ ያየናል። የደሴው ሚኒባስ ገብቶ ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ሳጂዳ የለችበትም፣ ሰኞ ገና ነው። አያ ኸሚስ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ በሩን አዩ። እጄ አሁንም በእጃቸው ነበር፤ እኔም አላስለቀቅኩም።